አፍንጫ የማይለየው አደጋ፦ የሳልሞኔላ ታሪክ ከፍራንከንሃውዘን እስከ አልቬስታ



በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳውቅ።

በ1888 በጀርመን፣ ፍራንከንሃውዘን በተባለች ትንሽ ከተማ፣ በተቅማጥ የታመመች አንዲት ላም ሳትሞት በጥድፊያ ታረደችና ሥጋዋ ለምግብ ዋለ። ከ50 በላይ ሰዎች ታመሙ፤ ሥጋውን በጥሬው አብዝቶ የበላ አንድ ወጣትም ሞተ። የየና ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበረው አውጉስት ጌርትነር ጉዳዩን ሲመረምር አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ከላሚቱ ሥጋም ከሟቹ አካልም አገኘ። ዛሬ ይህን ባክቴሪያ ሳልሞኔላ ኢንተሪቲዲስ ብለን እንጠራዋለን።

የግኝቱን ክብደት ለመረዳት በዘመኑ የነበረውን አስተሳሰብ ማወቅ ያስፈልጋል። ጣሊያናዊው ኬሚስት ፍራንቼስኮ ሴልሚ በ1870ዎቹ ከበሰበሰ አካል የሚወጡ ንጥረ ነገሮችን «ፕቶማይን» ብሎ ሰይሟቸው ነበር። ብዙ ሐኪሞችም ምግብ ሰውን የሚያሳምመው ሲበሰብስ በሚፈጠረው በዚህ መርዝ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ይህ እምነት አንድ የተደበቀ መደምደሚያ ነበረው፤ ያልሸተተ ምግብ አያሳምምም ማለት ነው። የጌርትነር ሥራ ይህን መደምደሚያ ከሥሩ ነቀነቀው። ባክቴሪያው በሕይወት ካለች የታመመች ከብት አንጀት ወደ ደሟ፣ ከደሟም ወደ ሥጋዋ ሊዘልቅ ይችላል። ስለዚህ አደጋው ከመበስበስ ብቻ ሳይሆን ከቢላዋውም በፊት ሊቀድም ይችላል።

የስሙ ታሪክም የራሱ ትምህርት አለው። በ1885 አሜሪካዊው ቴዎባልድ ስሚዝ ከታመሙ አሳማዎች አንድ ባክቴሪያ ለየ። ስሚዝ ይሠራበት የነበረውን የመንግሥት የእንስሳት ጉዳይ ቢሮ የሚመራው የእንስሳት ሐኪሙ ዳንኤል ሳልሞን ነበር። በ1900 ፈረንሳዊው ሊኚዬር ለዚህ የባክቴሪያ ወገን ስም ሲያወጣ ያከበረው አለቃውን እንጂ ላብራቶሪ ውስጥ የደከመውን አልነበረም። ከዚህም በላይ ባክቴሪያው ያመጣዋል የተባለው የአሳማ በሽታ መንስኤው ቫይረስ መሆኑ ቆይቶ ተረጋገጠ። ሆኖም ሁለቱ ሰዎች በሙቀት የሞተ ባክቴሪያ ርግቦችን ከበሽታ እንደሚከላከል ማሳየታቸው ለክትባት ሳይንስ መሠረት ከጣሉት ሥራዎች አንዱ ሆነ። ከተሳሳተ መነሻም እውነተኛ ፍሬ ሊገኝ እንደሚችል የሳይንስ ታሪክ ደጋግሞ ይመሰክራል።

ወደ 1953 እንሻገር። በስዊድን አልቬስታ ከአንድ ቄራ በበጋ ሙቀት በወጣ የተበከለ ሥጋ ምክንያት 9,000 ያህል ሰዎች ታመሙ፤ 90 ያህሉም ሞቱ። ፍራንከንሃውዘን ላይ አንዲት ላም አንድ ከተማ አሳመመች፤ አልቬስታ ላይ ግን የአንድ ቄራ ሥጋ ሕመሙን በሰፊው አገር በተነው። ስዊድን ከዚህ በኋላ ሳልሞኔላን ከመኖና ከእንስሳት እርባታ ጀምሮ እስከ ቄራ የሚከታተል ሥርዓት ዘረጋች። ጥንቃቄው ከበላተኛው ምጣድ ወደ ምርቱ ሰንሰለት ተሸጋገረ ማለት ነው።

ይህ ታሪክ እኛንም ይመለከታል። ጥሬ ሥጋና ለብ ለብ ክትፎ የምንወድ ሕዝብ ነን። በቅርጫ ባህላችን ተካፋዮቹ በሬውን ቆሞ አይተው፣ ዕለቱን አርደው ይከፋፈሉታል። በዚህ ውስጥ እውነተኛ ጥበብ አለ፤ የታመመ ከብት በብዙ ዓይን ይመረመራል፣ ሥጋውም ሳይውል ሳያድር ይበላል። ነገር ግን ሳልሞኔላ ጤናማ በሚመስል ከብትና ዶሮ ውስጥም ይኖራል። ሚጥሚጣም ሆነ አረቄ ምግቡን ከባክቴሪያው አያጸዳውም፤ የሚታመነው እስከ ውስጡ የዘለቀ ሙቀት ነው። በከተማ ደግሞ ከሥጋ ቤት የሚገዛው ሰው በሬውን ቆሞ አያየውም። በእርባታው፣ በቄራው፣ በጭነት መኪናውና በሥጋ ቤቱ መካከል የቅርጫው ዓይን ጠፍቷል። እሱን የሚተካ ተቋም ካልቆመ፣ ባህሉን ይዘን ጥበቃውን ጥለናል ማለት ነው።

በመጨረሻ ለታሪክ ተማሪዎች አንድ ነገር ልበል። «የምግብ መመረዝ» የሚለው አነጋገራችን በውስጡ መራዥ እንዳለ ያስመስላል። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ከተበላ ከ6 እስከ 72 ሰዓት ውስጥ ስለሚጀምር፣ ሰው የሚጠረጥረው እውነተኛውን ምግብ ሳይሆን የመጨረሻውን ማዕድና ያቀረበለትን እጅ ነው። በየትኛውም ሰነድ «ግብር በልቶ ታመመ፤ ተመርዞ ሞተ» የሚል ስታገኙ ክሱን እንደ ማስረጃ አትቀበሉት፤ ያለ ላብራቶሪ ምርመራም ባክቴሪያ ነው ብላችሁ አትፍረዱ። ማን ከሰሰ፣ ማን ተከሰሰ፣ አብረው ከበሉት ስንቱ ታመመ ብላችሁ ጠይቁ።