የአየር ፎቶግራፍ በገደል አገር
እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1941፣ በኢጣሊያ ወረራ ዘመን፣ ከአውሮፕላን የተነሡ 34,000 ያህል ፎቶግራፎች በካርታ ሥራዎች ድርጅት መዝገብ ቤት ለብዙ ዘመን ተከማችተው ኖረዋል። በየገበታው አራት ሥዕሎች ተለጥፈዋል፤ አንዱ ቁልቁል፣ ሦስቱ በሰያፍ የተነሡ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ተመራማሪዎች በኮምፒዩተር አገጣጥመው ኦርቶፎቶ የሚባለውን፣ እንደ ካርታ የሚለካውን ሥዕል አወጡባቸው።

ኮምፒዩተሩ የሥዕሉን ነጥብ ወደ ቦታው የሚመልሰው በመሬቱ ከፍታ ነው፤ ከፍታውም የሚሰላው አንድ ቦታ ቢያንስ ከሁለት አቅጣጫ ሲታይ ነው። እንደ ደጎሎ ባለ፣ ሜዳው ድንገት ተቆርጦ ቆላ በሚወርድበት አገር፣ ጥላ የዋጠው የገደል ግርጌ ከፍታ በግምት ይሞላል። ያን ጊዜ የገደሉ አፍ ይጣመማል፤ ማሳውም ይለጠጣል። የድሮውን ከዛሬው የሚያስተያይ ሰው ይህን ካላስተዋለ፣ አፈሩ ሳይነቃነቅ ገደሉ እርሻ በላ ብሎ ይመዘግባል። ሥዕሉን መነካካት አይጠቅምም፤ የሚታረመው ከፍታው ነው። ለዚህም ገደሉ በደህና የታየበትን ፎቶግራፍ መምረጥ፣ ከዚያም ሳይለወጡ በቆዩ ምልክቶች ላይ፣ ለምሳሌ በጥንት አብያተ ክርስቲያናት፣ የመቆጣጠሪያ ነጥብ መያዝ ያስፈልጋል።