ልጅ ማጣትና የመሥሪያ ቤት ሕክምና፤ ወንዱስ?

በሰው ኃይል አስተዳደር ሙያ ስሠራ ለሠራተኞች የተዘጋጁ በርካታ የሕክምና ወጪ መመሪያዎችን አንብቤያለሁ። መውለድን የሚመለከተው አንቀጽ የሚናገረው ስለ እርግዝና ክትትልና ስለ ወሊድ ነው፤ ወንዱ ስለሚያደርገው ምርመራ የሚያወሳ ግን አላጋጠመኝም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአባት ደመወዝ የሚከፈልበት የ3 ተከታታይ ቀናት ፈቃድ ሰጥቷል። ይህ ግን የሚጠቅመው ልጅ ያገኘውን ነው።

መካንነት የሚባለው ጥንዶች ያለ መከላከያ ለ12 ወራትና ከዚያ በላይ እየተገናኙ እርግዝና ሳይከሰት ሲቀር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረገው ሪፖርት መሠረት ከስድስት ሰዎች አንዱ በሕይወት ዘመኑ ችግሩ ያጋጥመዋል። ከእነዚህ ጥንዶች በግማሽ ገደማው የወንዱ ችግር ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተደምሮ ምክንያት ይሆናል። በእኛ አገር ግን “መካን” የሚለው ስም ቀድሞ የሚለጠፈው በሴቷ ላይ ነው። ባል ሳይመረመር ሚስት ለዓመታት ስትመላለስ ገንዘቡም ዕድሜዋም ያልቃል፤ ትዳር የሚፈርስበትም ጊዜ አለ።

የወንዱ የመጀመሪያ ምርመራ ቀላል ነው። ከ2 እስከ 7 ቀናት ከተቆጠበ በኋላ የሰጠው የዘር ፈሳሽ በላቦራቶሪ ይታያል። በድርጅቱ የ2021 እ.ኤ.አ. መመሪያ ዝቅተኛው ማነጻጸሪያ በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን የዘር ህዋስ ነው። ከዚህ ማነስ ብቻውን መካንነት ማለት አይደለም፤ ውጤቱ ከተዛባ ምርመራው ይደገማል። የቆለጥ ደም መላሽ ሥሮች ማበጥ (ቫሪኮሲል)፣ የሆርሞን መዛባት፣ ኢንፌክሽን፣ ሲጋራ፣ ጡንቻ ለማዳበር የሚወሰድ ቴስቶስትሮን ከምክንያቶቹ መካከል ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ ሊታከሙ ወይም ሊወገዱ ይችላሉ። አዲስ የዘር ህዋስ ለመፈጠር ሁለት ወር ተኩል ገደማ ስለሚፈጅ የሕክምናው ውጤት የሚለካው ከ3 ወር ገደማ በኋላ ነው።

በመሆኑም አሠሪዎች ሦስት ነገሮችን ቢያስቡ እላለሁ። አንደኛ፣ ምርመራው ለወንድም ለሴትም እኩል ይሸፈን፤ በአንድ ጊዜም ይጀመር። ሁለተኛ፣ ሽፋኑ በአንድ ቀጠሮ የሚያበቃ ሳይሆን ክትትሉን የሚያካትት ይሁን። ሦስተኛ፣ የምርመራው ዓይነት ለቅርብ አለቃ አይድረስ፤ ወንዱን ከሐኪም የሚያርቀው ከወጪው ይልቅ ሐሜቱ ሊሆን ይችላልና።

የላቦራቶሪው ወጪ ከማህፀን ውጭ ጽንስ ከሚፈጠርበት ሕክምና ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ ነው። እርስዎም የመሥሪያ ቤትዎን መመሪያ ገልጠው “የትዳር ጓደኛ” የሚለው ቃል ወንዱንም ይጨምር እንደሆነ ይጠይቁ።