ስለ ምሣር እጀታ ታሪክ

በኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 19 ስለ መማፀኛ ከተሞች ሥርዐት ሲነገር፥ ሕጉ ምሳሌ አድርጎ ያመጣው የጦርና የሰይፍ ነገር አይደለም፤ የእንጨት ቈራጭ ነገር ነው። ሰው ከባልንጀራው ጋራ ዱር ወርዶ ምሣሩን ሲያነሣ ብረቱ ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን የገደለው እንደ ሆነ፥ ቀድሞ ጠብ ያልነበረው ነውና ከሦስቱ ከተሞች ወደ አንዲቱ ሸሽቶ ነፍሱን ያድን ዘንድ ተፈቀደለት። ሕግ ምሳሌ ሲፈልግ ሁሉ የሚያውቀውን ይመርጣልና፥ የብረት መውለቅ በዚያ ዘመን በየመንደሩ የታወቀ አደጋ እንደ ነበረ ከዚህ ይገባል። በመጽሐፈ ነገሥት ራብዕ በምዕራፍ 6 ደግሞ ከነቢያት ደቀ መዛሙርት የአንዱ ምሣር በዮርዳኖስ በወደቀ ጊዜ፥ ሰውዬው የጮኸው ብረቱ የውሰት ስለ ሆነ ነው። ስለ እጀታው ያዘነ የለም፤ ቢጠፋም ከወንዙ ዳር ሌላ ይቈረጥ ነበርና።

በጥንቱ ዓለም ብረት ወይም መዳብ ከባለሙያ ይገዛል፥ አለዚያም ይለመናል፤ እጀታውን ግን ባለቤቱ በደጁ ተቀምጦ ይጠርበዋል። ይህም ሥራ ቀላል ይመስላል እንጂ ዕውቀት የሌለው አይደለም። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1991 ዓ.ም. በኢጣልያና በአውስትሪያ ወሰን በአልፕስ ተራራ ላይ፥ ከ5000 ዓመት በላይ በበረዶ ውስጥ የቈየ የአንድ ሰው ሬሳ ተገኘ። ከእርሱም ጋራ የመዳብ ምሣሩ ከነእጀታው ተገኘ። እጀታው 60 ሳንቲሜትር ያህል ሲሆን ታክሱስ ከሚባለው ጽኑ ዛፍ የተሠራ ነው። ሠሪው ቀጥ ያለውን እንጨት በእሳት ወይም በኀይል አላጐበጠውም፤ ግንድና ቅርንጫፍ ከሚጋጠሙበት ስፍራ ቈርጦ፥ ተፈጥሮ ያጠፈችውን ክርን ወሰደ እንጂ። የእንጨቱ ጅማት ከክርኑ ጋራ አብሮ ይታጠፋልና በቶሎ አይሰነጠቅም። መዳቡንም በተሰነጠቀው ጫፍ ውስጥ አግብቶ፥ በዛፍ ቅርፊት ዝፍት አጣብቆ በጠፍር አሰረው። እንዲህ ያለውን ሰው አላዋቂ ብሎ መጥራት ያስቸግራል።

ኋላም ብረት ቀዳዳ ያለው ሆኖ ሲሠራ ማሰሪያው ቀርቶ ሽብልቅ መጣ። ብልኅ ሠሪ እንጨቱን ከመሰንጠር ይልቅ በመጋዝ አይቈርጠውም፤ የተፈለጠ እንጨት ጅማቱ ከዳር እስከ ዳር አይቋረጥምና። አንጓ ያለበትን ይጥላል፤ ጥላ ባለበት ስፍራም ብዙ ወራት ያደርቃል። እርጥብ እጀታ በቀዳዳው ውስጥ ሲደርቅ ይኰማተራል፥ ብረቱም ይላላል። ብዙ ሰዎች የላላውን በውኃ ነክረው ያጠብቁታል፤ እንጨቱ ግን ሲያብጥ በብረቱ ተጨምቆ ጅማቱ ስለሚደቅ፥ ዳግመኛ ሲደርቅ ከፊተኛው ይልቅ ይላላል። የኦሪቱ አደጋ ምናልባት የሚጀምረው እንዲህ ካለው የጥድፊያ መድኀኒት ነው።

በሰሜን አሜሪካ ገበሬዎች ሂኮሪ ከሚባለው፥ ጠንካራም እንደ ልብ ተጣጣፊም ከሆነው ዛፍ በክረምት ምሽት እጀታ ይሠሩ ነበር፤ በሁለት እጅ በሚሳብ ቢላዋ ይልጉታል፥ በስባሪ ጠርሙስ ይፍቁታል፥ በተልባ ዘይትም ያሹታል። የማሳቹሴትሱ ሰው ቶማስ ብላንቻርድ ግን በ1819 ዓ.ም. (በአውሮፓ) የጠመንጃ ሰደፍ የሚቀርጽ መኪና አወጣ። መኪናው አንዱን አርአያ እየዳሰሰ ሌላውን በዚያው አምሳል ይቈርጣል፤ ኋላም ለምሣር እጀታ ዋለ። ከዚያ ወዲያ እጀታ የሱቅ ዕቃ ሆነ። ዋጋው ረከሰ፤ መኪና ግን የእንጨቱን ጅማት አይቶ አይመርጥም።

በኢትዮጵያም ገበሬው ወይራን ወይም ክትክታን ቈርጦ እጀታውን ራሱ ሲጠርብ፥ ማንም አልነቀፈውም። ብረቱን የሠራለት ቀጥቃጭ ግን ቡዳ እየተባለ ይሰደብ ነበር። እጀታ የሚለው ቃል ከእጅ የወጣ ነው፤ ባለ እጅ የሚለውም እንዲሁ፤ ነገር ግን አንዱ መሣሪያ ሁለት ክብር ነበረው፥ እንጨቱ የጨዋ፥ ብረቱ የተናቀ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከለከሉ፤ ቀጥቃጩም ሸማኔውም ፋቂውም በዐዋጁ ተጠበቁ። ስድቡ ግን በዐዋጅ ብቻ አልጠፋም፤ ከዚያም በኋላ ብዙ ዘመን ቀጥቃጩ መሬት እንዳያገኝ፥ ልጁም ከጨዋ እንዳይጋባ አድርጎታል። ማረሻውን፥ ማጭዱንና ምሣሩን ግን ያው ሰዳቢ ከእርሱ ደጅ ሲጠብቅ ይውል ነበር፤ እጀታውን በብብቱ ይዞ።