ቡና ከጥላው ሲወጣ

በጅማ ዙሪያ ቡና ለማበብ አስቀድሞ የበጋ ጥም፣ ቀጥሎ ዝናብ ይፈልጋል። የመጀመሪያው ዝናብ ከጣለ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ የጎማና የማና ወረዳዎች ማሳ ነጭ ይለብሳል፤ ሽታውም አውራ ጎዳናው ድረስ ያውዳል። አበባው ግን ከሁለት ሦስት ቀን አያልፍም። ፍሬው ቀልቶ እስኪለቀም ስምንት ወር ያህል ያስጠብቃል።

ቅጠሉን ዓመቱን ሙሉ የማያረግፈው ይህ ተክል በተፈጥሮው ጥላ ወዳድ ነው። ውርጭ ይገድለዋል፤ የቆላ ሙቀትም ያከሳዋል። ከ1,300 እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ባለው ደን፣ በወንዛ፣ በሰሳና በብሳና ሥር ሲሆን እርጥበቱም አፈሩም ይስማማዋል። ፀሐይ ላይ የተተከለ ቡና መጀመሪያ ላይ ፍሬ ይጭናል፤ ማዳበሪያና ውሃ ካላገኘ ግን ብዙም ሳይቆይ ቅርንጫፉ ይደርቃል።

የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር (የነገሡት እ.ኤ.አ. 1878–1932) ለምኒልክ እየገበሩ የውስጥ አስተዳደራቸውን በጠበቁበት ዘመን፣ የሂርማታ ገበያ ከቡና ይልቅ የሚታወቀው በዝሆን ጥርስ፣ በዝባድና፣ መሸፈን የማይገባው፣ በባሪያ ንግድ ነበር። ቡና የአገሩ ዋና ሀብት የሆነው ከዚያ በኋላ ነው።

በዚያ ሁሉ ጊዜ ዓለም የሚጠጣው ቡና ከጥቂት ዘር የወረደ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1706 ከጃቫ አምስተርዳም የገባ አንድ ችግኝ ለላቲን አሜሪካ ብዙ ማሳ አያት ሆኗል። ዝርያው የተለያየ ቡና ያለው እዚህ ደን ውስጥ ነው። ጥቅሙ የታየውም እ.ኤ.አ. በ1971 ሲቢዲ የተባለው በሽታ አገር ገብቶ ፍሬውን በእሸቱ ማጥቆር ሲጀምር ነው። ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1967 መልኮ ላይ የተቋቋመው የጅማ ምርምር ማዕከል ሠራተኞች መድኃኒት ከመርጨት ባሻገር፣ በሽታው መንደሩን ሲያወድም ያልተነካ ዛፍ ፍለጋ ወጡ። ከመቱ አካባቢ የተመረጡት 74110 እና 74112 የተባሉት ዝርያዎች ከዚያ ፍለጋ የመጡ ናቸው፤ 74ቱ የተመረጡበትን ዓመት ያመለክታል። ገበሬው ዛሬም በቁጥራቸው ይጠራቸዋል።

እኔ ግን በዚህ ስኬት ሙሉ በሙሉ አልረካም። የተመረጠው ችግኝ ሲስፋፋ የድሮው ዓይነት ይነቀላል፤ ምርት ለመጨመርም ወንዛው ይሳሳል። አንዳንዱ ደግሞ ፈጥኖ ገንዘብ ወደሚሆነው ጫት ዞሯል። በገበሬው አልፈርድም፤ የደን ቡና በሄክታር የሚሰጠው ከጓሮው ቡና በጣም ያነሰ ነው። የቀጣዩን በሽታ መድኅን ምናልባት በበለጠ–ጌራ ደን የያዘው ያ ገበሬ፣ ለዚህ ጥበቃው የሚከፈለው የኪሎ ዋጋ ብቻ ነው።