ወዲያውኑ የነበረው ቃል ቆይቶ ሲሆን፦ የእንግሊዝኛ የጊዜ ተውሳከ ግሶች ታሪክ

የእንግሊዝኛ ተማሪ የጊዜ ተውሳከ ግሶችን የሚረከባቸው ዋጋቸው እንደማይለወጥ ቁጥሮች ነው። «ሱን» በቅርቡ፣ «ናው» አሁን፣ «ኢሚዲየትሊ» ወዲያውኑ ተብለው በደብተሩ ይሰፍራሉ፤ ከዚያ የወጣ ዓረፍተ ነገር በቀይ እስክሪብቶ ይሰረዛል። የሰዋስው መጻሕፍትም ደንቡ ከየት እንደመጣና ከመቼ ጀምሮ እንደሚሠራ እምብዛም አይናገሩም። የቋንቋው ታሪክ ሲመረመር ግን የሚታየው ሌላ ነው። ላለፉት አንድ ሺህ ዓመታት በእንግሊዝኛ «ያለ አንዳች መዘግየት» የሚል ትርጉም የነበራቸው በርካታ ቃላት በየተራ ወደ «ትንሽ ቆይቶ» ተንሸራተዋል። ያንሸራተታቸው በዋናነት የተማሪ ስሕተት ወይም የመምህር ቸልታ አይደለም፤ ቃል እየገባ የሚዘገይ ሰው ነው። ከዚህ የተነሣ ትክክለኛ አጠቃቀም የሚባለው ነገር ዘመንና አገር ያለው ስምምነት ነው፤ እንደዚያ ሆኖ ሊማሩትም ይገባል።

ለዚህ ከሁሉ የጠራው ማስረጃ በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 የሄሮድያዳ ልጅ ፈጥና ወደ ንጉሡ ገብታ የመጥምቁ ዮሐንስን ራስ በወጭት እንዲሰጣት ትለምናለች። የግሪኩ ቃል የሚለው አሁኑኑ ነው። የ1611 ተርጓሚዎች ይህን «ባይ ኤንድ ባይ» ብለው ጻፉት። ዛሬ ሐረጉ «እያደር፣ ከጊዜ በኋላ» ማለት ስለሆነ፣ የዘመናችን አንባቢ ልጅቱን ምንም የማያስቸኩላት፣ ሲመቻቸው እንዲሰጧት የምትጠይቅ አድርጎ ሊረዳት ይችላል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 21 የተረገመችው በለስ የደረቀችው በዚያው ቅጽበት ነው፤ የ1611 እንግሊዝኛ ግን «ፕረዘንትሊ» ደረቀች ይላል። በእንግሊዝ አገር ይህ ቃል ዛሬ የሚሰማው «ከትንሽ ጊዜ በኋላ» ተብሎ ነው። በምዕራፍ 26 ስለ አሥራ ሁለቱ የመላእክት ሌጌዎን በተነገረው ቦታም ያው ቃል ይገኛል፤ እዚያም የተፈለገው አሁኑኑ የሚለው ነው።

ተርጓሚዎቹ ግሪኩን ስተውት ይሆን የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። መልሱ እዚያው መጽሐፍ ውስጥ አለ። በማቴዎስ ምዕራፍ 13 በዘሪው ምሳሌ፣ በተከታታዮቹ ቁጥር 20 እና 21 አንድ የግሪክ ቃል ሁለት ጊዜ ተጠቅሷል፤ ተርጓሚዎቹ የመጀመሪያውን «አኖን»፣ ሁለተኛውን «ባይ ኤንድ ባይ» ብለው መለሱት። በማርቆስ ምዕራፍ 1 ቁጥር 29 «ፎርዝዊዝ» የተባለው ቃል በቁጥር 30 «አኖን» ሆኗል። ይህን ያደረጉት እነዚህ ሁሉ ለእነሱ አንድ ዓይነት ፍጥነት ስለነበራቸው ነው፤ ድግግሞሽን ለመሸሽ ብቻ አለዋወጧቸው። ሐዲስ ኪዳን በ1881 ታርሞ ሲወጣ ግን አራሚዎቹ ያንን እኩልነት ሊጠብቁት አልቻሉም። የሄሮድያዳ ልጅ ልመና ወደ «ፎርዝዊዝ»፣ የበለሷ መድረቅ ወደ «ኢሚዲየትሊ» ተቀየረ። በ270 ዓመታት ውስጥ ግሪኩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የእንግሊዝኛው ቃል ሚዛን ነው።

መንሸራተቱ የጀመረው ግን ከ1611 በጣም ቀድሞ ነው። ዛሬ «በቅርቡ» የሚባለው «ሱን» ኖርማኖች እንግሊዝን በ1066 ከመውረራቸው በፊት በነበረው ቋንቋ «ሶና» ይባል ነበር፤ ትርጉሙም ወዲያውኑ ነበር። «አኖን»ም ከአንድ ቁጥር ጋር የተያያዘ፣ በአንድ ጊዜ፣ ሳይቋረጥ የሚል አመጣጥ ያለው ቃል ነው። ይህ ሁለተኛው ቃል እንዴት እንደረከሰ ሼክስፒር በመድረክ አሳይቶታል። በ1598 በታተመው የሄንሪ አራተኛ ክፍል አንድ ተውኔት፣ ልዑል ሃል በለንደን መጠጥ ቤት ፍራንሲስ የተባለውን ቀጂ ልጅ በወሬ ይይዘዋል፤ ጓደኛው ፖይንስ ደግሞ ከሌላ ክፍል ስሙን ይጠራል። ልጁ በተጠራ ቁጥር «አኖን፣ አኖን» እያለ ይመልሳል፣ ከቆመበት ግን አይንቀሳቀስም። ቀልዱ የሚያስቀው ተመልካቹ ይህን መልስ ከየመጠጥ ቤቱ ስለሚያውቀው ነው። ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ቆይቶ በታተመው መጽሐፍ ቅዱስ ያው ቃል ሙሉ ክብሩን ይዞ ወዲያውኑ ማለቱ ይበልጥ ያስተምራል። አንድ ቃል በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዘመን፣ በቤተ ክርስቲያን አንድ ዋጋ፣ በመጠጥ ቤት ሌላ ዋጋ ነበረው። ዘመን ሲገፋ ያሸነፈው የመጠጥ ቤቱ ነው።

የፍራንሲስ ሁኔታ የለውጡን ምክንያት ይገልጠዋል። የተጠራ ሎሌ «ቆይቼ እመጣለሁ» ቢል ይቆጡታል፤ ስለዚህ «ወዲያውኑ» ይልና በሚችልበት ሰዓት ይመጣል። ጠሪው ቃሉን በሰማ ቁጥር ጥቂት መጠበቅን ይለምዳል። ቋንቋውን ገና የሚለምድ ሕፃን ደግሞ መዝገበ ቃላት አያይም፤ ቃሉን ይሰማል፣ ቀጥሎ የሚሆነውን ያያል፤ ስለዚህ መዘግየቱን ራሱን የቃሉ ትርጉም አድርጎ ይማራል። በዚህ መንገድ አንድ ትውልድ በማስመሰል የተናገረውን ቀጣዩ ትውልድ በቅንነት ይናገረዋል። ሄንሪ ስምንተኛ በ1540ዎቹ የብር ሳንቲሞቹን መዳብ እየቀላቀለ እንዳረከሰ፣ ስሙ ያው ሆኖ ውስጡ እንደቀለለ፣ ቃሉም እንዲሁ ይሆናል። ከዚያ በእርግጥ የሚቸኩል ሰው ያልተነካ አዲስ ቃል ይፈልጋል፤ «አኖን» ሲደክም «ባይ ኤንድ ባይ» እና «ፕረዘንትሊ»፣ እነሱም ሲደክሙ «ዳይሬክትሊ» ተተኩ። የመጨረሻውም ቢሆን አላመለጠም። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች «ዳይሬክትሊ» ትንሽ ቆይቶ ማለት ሆኗል፤ በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ በምትገኘው ኮርንዎል ደግሞ መቼ እንደሆነ የማይታወቅ ጊዜ ማለት ነው።

ቃላት ሁሉ ከዘመን ጋር ይለወጣሉና በሰው ቀጠሮ አለማክበር ማሳበቡ ለምን አስፈለገ የሚል ይኖራል። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ መልሱ የሚገኘው ግን ካልተንሸራተቱት ቃላት ነው። «ናው» ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ዋና ትርጉሙን ይዞ ቆይቷል። «የስተርዴይ» ትናንት ከማለት አልፎ ከትናንት ወዲያ አልሆነም። ለውጡ ዕውር ቢሆን ኖሮ እነዚህንም ባልማረ ነበር። ትናንት ያለፈ ነገር ስለሆነ ማንም ቃል አይገባበትም፤ የሚያስዋሽ ጉዳይ የለውም። የተንሸራተቱት ወደፊት ለሚደረግ ሥራ ዋስ ሆነው የሚቆሙት ናቸው። ከእነሱም መካከል «ፎርዝዊዝ» ከሌሎቹ ይልቅ ጥንካሬውን ጠብቋል፤ ኑሮው በአብዛኛው በፍርድ ቤት ትእዛዝና በውል ስለሆነ በቀጂና በባለ ሱቅ አፍ ብዙም አልተመላለሰም። እሱም ቢሆን የእንግሊዝ ዳኞች እንደ ጉዳዩ ሁኔታ «ያለ አግባብ ሳይዘገይ» ብለው አላልተው የተረጎሙበት ጊዜ አለ። «ኢሚዲየትሊ» በየዕለቱ እየተነገረ አለመድከሙ ክርክሩን የሚያከብድ ነጥብ ነው፤ ያየነው ነገር የማይዛነፍ ሕግ ሳይሆን ዝንባሌ መሆኑን ያሳያል። ዝንባሌው ግን በተደጋጋሚ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ማዘንበሉ በአጋጣሚ አይገለጽም።

እንግሊዞች ይህን መንሸራተት ለማስቆም ያላሰቡ አይደሉም። ጆናታን ስዊፍት በ1712 ቋንቋውን የሚያርምና የሚያጸና ጉባኤ እንዲቋቋም በጊዜው ባለሥልጣን ለነበሩት ለኦክስፎርድ ኧርል የጽሑፍ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ጉባኤው አልተቋቋመም። ሳሙኤል ጆንሰን መዝገበ ቃላቱን ሲጀምር ቋንቋውን አጸናለሁ የሚል ተስፋ ነበረው፤ በ1755 ሥራው ሲታተም ግን በመቅድሙ ቋንቋን ከለውጥ መጠበቅ የማይቻል መሆኑን አመነ። ሮበርት ሎውዝ በ1762፣ ሊንድሊ መሪ በ1795 ያሳተሟቸው የሰዋስው መጻሕፍት ለትምህርት ቤት ደንብ አወጡ፤ መጠጥ ቤትን፣ ገበያንና ወጥ ቤትን ግን ሊያዝዙ አልቻሉም። ከ1884 እስከ 1928 በየክፍሉ የወጣው የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ሌላ መንገድ መረጠ፤ እያንዳንዱ ቃል በየዘመኑ የነበረውን ትርጉም ከነምሳሌው በቅደም ተከተል ማስፈር። በዋና አዘጋጁ በጄምስ መሪ እጅ የወጣው የመጀመሪያው ክፍል «አኖን»ን የያዘ ነበር። ሊቃውንቱ ደንብ ከመደንገግ ወደ ታሪክ መመዝገብ መዞራቸው ሽንፈት መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ለትክክለኛ አጠቃቀም ከሁሉ የሚበጀው ማስረጃ የተገኘው ግን በዚህ መንገድ ነው።

ዘመን ብቻ ሳይሆን አገርም ትርጉምን ይለያል። «ፕረዘንትሊ» በአሜሪካና በስኮትላንድ «በአሁኑ ጊዜ» ማለት ነው፤ ይህን ስሕተት የሚሉ እንግሊዞች ብዙ ናቸው፤ ትርጉሙ ግን በእንግሊዝ ራሱ የነበረ ጥንታዊ ነው። የአሜሪካ አውሮፕላን አብራሪ «ሞመንታሪሊ» እናርፋለን ሲል በቅጽበት ውስጥ ማለቱ ነው፤ እንግሊዛዊው መንገደኛ ግን ለቅጽበት ብቻ አርፈን እንነሣለን ብሎ ሊሰማው ይችላል። በደቡብ አፍሪካ «ጀስት ናው» ያለ ሰው ኋላ ላይ ማለቱ ነው፤ በሌላው ዓለም ግን ሐረጉ ገና አሁን ያለፈውን ይጠቁማል። «ጀስት»፣ «ኦልሬዲ» እና «የት» ከሚባሉት ቃላት ጋርም እንግሊዞቹ «አይ ሃቭ ጀስት ኢትን» የሚለውን የግሥ ዓይነት ሲመርጡ፣ አሜሪካውያን «አይ ጀስት ኤት» ብለው ያለ ችግር ይናገራሉ።

ይህ ልዩነት ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከመምህራኑ ጋር ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት በዘመናዊ ትምህርት ቤቶች ጎልቶ የነበረው ፈረንሳይኛ ሲሆን፣ ከ1941 በኋላ ቦታውን እንግሊዝኛ ያዘ። ያስተማሩትም እንግሊዞች ብቻ አልነበሩም፤ የካናዳ ኢየሱሳውያንና በርካታ ሕንዳውያን መምህራን ነበሩበት። በ1962 ደግሞ ወደ 300 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት መጥተው በየክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቤቶች ተመደቡ። አንዱ መምህር ያረመውን ሌላው የሚያጸድቅበት ሁኔታ እንዲፈጠር ይህ ታሪክ ብቻውን በቂ ነው።

እንግዲህ ሁሉም በየዘመኑና በየአገሩ ከሆነ ትክክል የሚባል ነገር የለም፣ መምህሩም ቀይ እስክሪብቶውን ያስቀምጥ የሚል ሊነሣ ይችላል። ይህ ድምዳሜ ከማስረጃው አይከተልም። ስምምነት ስለሚለወጥ ስምምነት አልነበረም አይባልም። በ1611 «ፕረዘንትሊ» ብሎ ወዲያውኑ ማለቱ ትክክል ነበር፤ ዛሬ በለንደን መሥሪያ ቤት ይህንኑ አስቦ የሚጽፍ ሰው አንባቢውን ያሳስታል። ስሕተቱ የሚለካው አድማጩ በሚረዳው ነው። ስለዚህ መምህሩ ማረሙን ይቀጥል፤ ሲያርም ግን ደንቡ የየት አገርና የየትኛው ዘመን እንደሆነ ለተማሪው ይንገረው። እንዲህ የተማረ ተማሪ የድሮውን መጽሐፍ ሲያነብ አይደናገርም፤ ከአሜሪካዊ የተላከለትን ደብዳቤም በእንግሊዝ መመዘኛ አይፈርድበትም።

ይህ የቃላት መንሸራተት የእንግሊዞች ጠባይ ብቻ እንዳይመስል፣ በሜክሲኮ «አኦሪታ» የሚለው የስፔን ቃል አሁኑኑ ከማለት ተነሥቶ እንደ ሁኔታው ሰዓታትን እስከ ማስጠበቅ ደርሷል። እኛም ገና ከወንበራችን ስንነሣ «መጣሁ» እንላለን፤ መንገድ ያልጀመረ ሰውም በስልክ «ደረስኩ» ይላል። አማርኛ ተውሳከ ግስ እስኪዳከም እንኳ አልጠበቀም፤ ያልተደረገውን በኃላፊ ግሥ አስሮ እንደተደረገ ይቆጥረዋል። የቃል ኪዳን ቃላት የተናጋሪውን ታማኝነት ተሸክመው ይኖራሉ፤ እሱ ሲዘገይ አብረውት ይዘገያሉ። ስለዚህ እንግሊዝኛ የምንጽፍ ሰዎች ለወዳጅ ደብዳቤ የወደድነውን ተውሳከ ግስ እንምረጥ፤ ገንዘብ፣ ሕክምና ወይም ጉዞ በሚመለከት ጉዳይ ግን ቀኑንና ሰዓቱን በቁጥር፣ አቆጣጠሩ የኢትዮጵያ ይሁን የአውሮፓ ለይተን እንጻፍ።