የተናቀው አጃ ስንዴን እንደ ታደገ



ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው እንጅባራንና ዳንግላን ሲያልፍ የአዊን ደጋ ማሳ ይመለከታል። ያ ቀዝቃዛና እርጥብ አየር ለስንዴው የሚስማማውን ያህል ለጠላቱ ለዋግም ይስማማል። ዋግ የሻጋታ ወገን ነው፤ ነፋስ ተሸክሞት በቅጠልና በአገዳ ላይ ሲያርፍ ዝገት የመሰለ ትቢያ ያወጣል፤ የገበሬውንም የዓመት ድካም በጥቂት ሳምንታት ገለባ ያደርገዋል።

ይህን ጠላት ለመቋቋም ከተገኙት መድኃኒቶች አንዱ ከስንዴው ከራሱ ዘመድ የተወሰደ ነው። የዳቦ ስንዴ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት በአጃና በአንድ የዱር ሣር መካከል በተፈጥሮ ከተደረገ መዳቀል የተወለደ ነውና። አጃ ስንል ስናርን ማለታችን አይደለም፤ እናቶቻችን ለአራስ ገንፎ የሚመርጡትን፣ ከገለባው በቀላሉ የማይላቀቀውን የጥንት ስንዴ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1916 ገደማ፣ ዋግ የሰሜን አሜሪካን ስንዴ በሚያጠፋበት ዘመን፣ ኤድጋር ማክፋደን የተባለ የሳውዝ ዳኮታ ሰው አጃ በሽታውን እንደሚቋቋም ተረድቶ ያሮስላቭ የተባለውን አጃ ማርኪስ ከተባለው ስንዴ ጋር አዳቀለ። ሥራው አድካሚ ነበር። የአንዱን አበባ ወንዴ ክፍል ሳይበስል ነቅሎ የሌላውን ብናኝ መነስነስ ያስፈልጋል። አጃ 28፣ ስንዴ ግን 42 ክሮሞዞም ስላላቸው ድቅሎቹ አብዛኛውን ጊዜ መካን ይሆናሉ። ሰውዬው ግን ከተረፉት ጥቂት ፍሬዎች ከዓመት ዓመት እየመረጠ ዘራ፤ ያገኘውም ስንዴ «ተስፋ» ተባለ።

ይህ ከአጃ የተወረሰ ጠባይ በኋላ ሜክሲኮ ውስጥ ኖርማን ቦርሎግ ባራባቸው ዘሮች አማካይነት ወደ ብዙ አገሮች ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1999 በኡጋንዳ የታወቀው አስፈሪ የዋግ ዓይነት በ2003 በኢትዮጵያ በተገኘ ጊዜም፣ ሌሎች መከላከያዎች ሲሸነፉ፣ የአጃው ውርስ ብቻውን በቂ ባይሆንም ከሌሎች ጋር ተባብሮ የበሽታውን እርምጃ የሚያዘገይ ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ምርጥ ዘር ለገበሬው ይድረስ ማለት ተገቢ ነው። ነገር ግን አዲሱ ሲገባ አሮጌው ከጎተራ እንዳይጠፋ ማሰብም ግዴታችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በአዲስ አበባ የአገሪቱን ዘሮች የሚጠብቅ ተቋም የተመሠረተው ለዚሁ ነበር። ነገ በእንጅባራ ማሳ ላይ የሚነሣው ዋግ በየትኛው ዘር እንደሚሸነፍ ዛሬ የሚያውቅ የለም፤ አንድ ጊዜ የጠፋ ዘርም በደብዳቤ ታዝዞ አይመጣም።