ፖስተሩ ቀደመ፣ ፊልሙ ተከተለ

«የባለ 50 ጫማዋ ሴት ጥቃት» የተሰኘው የአሜሪካ ፊልም በ1958 እ.ኤ.አ. ሲወጣ፣ ሰዓሊው ሬይኖልድ ብራውን ፖስተሩ ላይ አውራ ጎዳና መሐል ቆማ መኪና የምታነሳ ግዙፍ ሴት ሣለ። ትኬት ቆርጦ የገባው ተመልካች ግን ያንን ትዕይንት አላገኘም።

በዚያው ዘመን አሜሪካን ኢንተርናሽናል ፒክቸርስ የተባለው ኩባንያማ ብዙ ጊዜ ርዕስና ፖስተር ያስቀድምና ገበያው ከወደደው በኋላ ነበር ፊልሙን የሚሠራው።

ዛሬ ጓደኞቻቸውን አፍ አስከፍተው ፎቶ እያነሱ እነዚያን ፖስተሮች በቀልድ የሚኮርጁ ሰዎች አሉ። እነሱ ፊልም እንደሌለ አይደብቁም። ቀልዳቸው የማታለያውን ዘዴ ያጋልጣል፦ የደነገጠ ፊት፣ ቀይ ፊደል፣ ቃለ አጋኖ።

ወገን፣ ዘዴው አልሞተም። ዩቲዩብ ላይ «ሰበር ዜና» ተብሎ የተለጠፈውን ምስል ቪዲዮው ውስጥ ፈልጋችሁ ስታጡት፣ ያው የድሮው ፖስተር ነው። በ1958ቱ ተመልካች ከመሳቃችን በፊት ጣታችንን እንሰብስብ።